ከውጤቱ በፊት የሚደርሰው ወሬ



የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተፈተነ ልጅ ውጤቱን እስኪያይ ድረስ ረዘም ያለ የጥበቃ ጊዜ አለው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ተፈትነው ውጤታቸውን ያዩት በጥር ወር ነበር። የ2015ቶቹም በሐምሌ ተፈትነው እስከ መስከረም መጨረሻ 2016 ጠብቀዋል። ይህ ጊዜ ባዶውን አይቆይም፤ ወሬ ይሞላዋል። «የማለፊያው ነጥብ ዝቅ ሊል ነው»፣ «የእኛ አካባቢ ውጤት ተይዟል»፣ «ዝርዝሩ ወጥቷል፣ ያንተ ስም የለበትም» የሚለው ቃል ከገበያም ከስልክም ይመጣል። ልጁም በበኩሉ የመልስ ቁልፍ ነው ተብሎ በቴሌግራም የተሰራጨውን እየተመለከተ ሌሊቱን ራሱን ሲያርም ያድራል። የጥያቄ ወረቀቶቹ ኮድ ግን የተለያየ ነው፤ የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም። በማይመለከተው ቁልፍ ራሱን ጥሎ የሚያድር ስንቱ ነው!

ብሔራዊውን ፈተና ያለፈውም ቢሆን ጥበቃው አያልቅለትም። ምደባ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም በመግቢያ ፈተና ተማሪ ሲመርጡ ቆይተዋል። በእያንዳንዱ በር ላይ ሌላ ጥበቃ፣ በእያንዳንዱ ጥበቃ ውስጥም ሌላ ወሬ አለ።

ይህ በመላ ሀገራችን ያለ ጭንቀት ነው። በመተማ፣ በቋራና በገንዳ ውሃ አካባቢ ግን ክብደቱ ይለያል። ለምን ቢሉ፣ እዚህ መንገዱ ቅርብ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ ትንሿን ድልድይ የተሻገረ ሰው ገላባት፣ ሱዳን ምድር ላይ ቆመ ማለት ነው። «ወድቀሃል» የሚል ያልተጣራ ወሬ የሰማ ወጣት አባቱን ፊት ለፊት ከማየት ይልቅ ደላላውን ማነጋገር ይቀለዋል። ሌላው ሰሊጡ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን ወደ በረሃው እርሻ ይወርድና በዚያው ይቀራል። ለሴት ልጅ ደግሞ ወሬው ሌላ መዘዝ ያመጣል፤ «ትምህርቱ ካልሆነላት ምን ትጠብቃለች?» ተብሎ፣ እርሷ ሳትጠየቅ የኒካሕ ወሬ ይጀመራል። እውነተኛው ውጤት ሲመጣ ልጁ አገር ለቋል፤ ልጅቷም ታጭታለች። ወሬውን ያመጣው ሰው ግን አንድም ነገር አልጎደለበት።

በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ እናስታውስ። በዚያው መስከረም ውጤት ሲወጣ ብዙው ተማሪ በራሱ ስልክ ማየት አልቻለም። ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ «እይልኝ» ማለት ግድ ሆነ። አንድ አሐዝ የተሳሳተ እንደሆነ የሌላ ሰው ውጤት ይነበባል። በሰው አፍ የመጣ ውጤት እንግዲህ ይህን ያህል ነው።

ለመሆኑ አለማለፍ ራሱ የምናስበውን ያህል ውርደት ነውን? በ2014 ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆኗል። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት የሚቀሩበትን ነገር የአንድ ልጅ ስንፍና ብቻ አድርጎ ቤት ውስጥ አንገት ማስደፋት ፍትሕ አይደለም። በጸጥታ ችግር ትምህርት ሲቋረጥበት፣ መንገድ ሲዘጋበት የከረመ የቆላ ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ዲናችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ፣ አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናረጋግጥ ያዘናል። ምክንያቱንም አያይዞ ነግሮናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። እዚህ የሚጎዳው የገዛ ልጃችን ነው።

በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ጉዞ ሲያስቡ ወፍ ያስበረግጉ ነበር፤ ወደ ቀኝ ከበረረች ይሄዳሉ፣ ወደ ግራ ከበረረች ይቀራሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ገድ ማየት ከለከሉ፤ መልካም ቃልን ግን ይወዱ ነበር። የዛሬዋ ወፍ ስልክ ውስጥ ናት። በርራ በመጣችው መልእክት የልጃችንን ዕድል የምንቆርጥ ከሆነ ከዚያ ዘመን ሰዎች በምን ተሻልን? ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ «ያልፍ ይሆን?» ብሎ መጠየቅማ ጭራሽ የከፋ ነው።

ኢስቲኻራም ገድ ማያ አይደለም። አንዳንድ ወጣቶች ሁለት ረከዓ ሰግደው ሕልም ይጠብቃሉ፤ ሕልም ሳያዩ ሲቀሩ ወይም ክፉ ሕልም ሲያዩ ይሸበራሉ። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ውስጥ ሕልም የሚባል ነገር የለም። ያለው ዱዓ ነው፤ ነገሩ ኸይር ከሆነ እንዲገራልን፣ ሸር ከሆነ እንዲርቅልን፣ ኸይሩ ባለበትም እንዲያስወድደን መለመን ነው።

ኸይሩ የት እንዳለ ደግሞ እኛ አናውቅም። በካርቱም የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ከሀገራችን ጭምር ብዙ ሙስሊም ወጣቶችን ያስተማረ ተቋም ነው። እዚያ የመግቢያ ፈቃድ ያገኘ ልጅ ቤተሰቡ በደስታ ሸኝቶታል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ሲቀሰቀስ ግን ከሱዳን የሚሸሸው ሕዝብ በመተማ በኩል በሺዎች ገባ፤ ሱዳናዊው፣ የሌላ ሀገር ዜጋው፣ የእኛም ሰው ከነሻንጣው። ይህን በዐይኑ ያየ አገር «ተቀብለውኛል» የሚለው ቃል የመጨረሻው ዋስትና፣ «አልተቀበሉኝም» የሚለውም የመጨረሻው ፍርድ እንዳልሆነ ለማንም መንገር ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይፋዊ ገጽ ወይም ከትምህርት ቤቱ ያልመጣን ነገር ውጤት ብለን አንጥራው። ሁለተኛ፣ «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ቀድሜ አሳይሃለሁ» ለሚል አንድ ብር አንክፈል፤ የልጁን የመለያ ቁጥርም ለማናውቀው ሰው አንስጥ። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ሳይመጣ አባት፣ እናትና ልጅ ተቀምጠው ይመካከሩ። ካለፈ ምን ይመርጣል? ለጥቂት ነጥብ ከቀረ፣ ከ2015 ጀምሮ የተከፈተው የሪሚዲያል ትምህርት አለ። እሱም ካልሆነ በግል ዳግም መፈተን ወይም ቴክኒክና ሙያ አለ። ሦስቱን በር አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ አንዱ ሲዘጋ ወደ ድልድዩ አይሮጥም።

አራተኛውና ትልቁ ያ መልካም ቃል ነው። «ልጄ፣ ምንም ይምጣ ምን ቤትህ ቤትህ ነው፤ ውጤትህን መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። መባል ያለበት ግን ዛሬ፣ ወሬው ሳይቀድመን ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ለልጆቻችን ጠቃሚ ዒልምን፣ ለእኛም ሰብርን ይስጠን። ወቢላሂ ተውፊቅ።