የከርቤ ዛፍ ለማን ያለቅሳል?

በግጥም ምሽቶች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ምሳሌ አለ፡፡ የተገፋች እናት፣ የደከመ ሠራተኛ፣ የተጎዳች ሀገር ሁሉ በከርቤ ዛፍ ይመሰላሉ፤ ዛፉ ሲያቆስሉት መዓዛ ይሰጣልና፡፡ አድማጭ ያጨበጭባል፡፡ እኔ ግን ይህን ምሳሌ አልወደውም፡፡

የምኖረው አቃቂ ነው፡፡ አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋማ ሥፍራ በመሆኑ ከርቤ አይበቅልበትም፤ ከርቤን የምናውቀው ከገበያ ገዝተን በፍም ላይ ስናጤሰው ብቻ ነው፡፡ ዛፉ ያለው በሩቅ ቆላ፣ በሶማሌ ክልል፣ በቦረናና በባሌ በረሃማ ምድር ነው፡፡ የዕፅዋት ሊቃውንት ኮሚፎራ ሚራ ይሉታል፡፡ ቁመቱ አጭር፣ እሾኹ ብዙ፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ነው፤ በድርቅ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይቆማል፡፡

ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ የሚፈሰው ሙጫ ለእኛ የተዘጋጀ ስጦታ አይደለም፡፡ ዛፉ ቁስሉን የሚደፍንበት፣ ነፍሳትንና በሽታን የሚከላከልበት ነው፡፡ ባለቅኔው «ይቅርታ» ብሎ የሚያነበው ነገር መከላከያ ነው ማለት ነው፡፡

ስሙም ቢሆን ከመዓዛው የመጣ አይደለም፡፡ ዕብራይስጡ «ሞር»፣ ዐረብኛው «ሙር» ይለዋል፤ ሥሩ ከእኛው «መረረ» ጋር አንድ ነው፡፡ ፈረንጆችም ስሙን ያገኙት ከዚሁ ምንጭ ነው፡፡ የጥንት ሰዎች ቀምሰው መራራ አሉት፤ እኛ ከጢሱ ማዶ ተቀምጠን ጣፋጭ አደረግነው፡፡

ደግሞስ ለቃሚውን የሚያስታውስ ግጥም የት አለ? በቆላው አርብቶ አደሩ ከብቱን እየጠበቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ፈስሶ የደረቀውን ሙጫ ከግንዱ ይለቅማል፡፡ ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልልና በቦረና ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ቀርቶ ከብት ባለቀ ጊዜ የመንጋውን እልቂት ያየ ሰው፣ መቁሰል መዓዛ ያመጣል ቢባል ምን ይመልስ ይሆን?

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 15 በመስቀሉ አጠገብ ከርቤ የተቀላቀለበት የወይን ጠጅ ለጌታ እንደ ቀረበለት ተጽፏል፡፡ ብዙ ተርጓሚዎች ሥቃይን ለማደንዘዝ ነበር ይላሉ፤ እርሱ ግን አልተቀበለም፡፡ ያ የግጥም ምሳሌ ለእኔ ይህንኑ ጽዋ ይመስለኛል፡፡ ለተጎዳው ሰው እናቀርብለታለን፤ የምንደነዝዘው ግን እኛ ነን፡፡ ቁስሉ ያማረ ከመሰለን ማን አቆሰለው ብለን አንጠይቅምና፡፡

አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ነው፡፡ በእሑድ ቡና ላይ ከርቤ እናጤሳለን፤ ጢሱ ሲበተን ግን የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት የወንዙ ሽታ ተመልሶ ይመጣል፡፡ በዚህ ሰፈር ስለ ድካም የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ሽታ አብሮ ሊያስገባ ይገባዋል ባይ ነኝ፡፡

ከርቤ ከግጥማችን ይውጣ አላልኩም፡፡ ይግባ፤ ሲገባ ግን እሾኹን፣ ምሬቱንና ለቃሚውን ይዞ ይግባ፡፡ እናቶቻችንንም ስለ መዓዛቸው ከማመስገናችን በፊት የት ላይ እንደሚያማቸው እንጠይቃቸው፡፡