የታመመች ፍየል ገበያ አትውጣ!

አርሶ አደሮች፣ አርብቶ አደሮች፣ ነጋዴዎች፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች! በጎቻችንንና ፍየሎቻችንን የሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታ ከአገራችን ሊጠፋ ይችላል። በባለሙያ ብርታት ብቻ ግን አይጠፋም። ቀድሞ የሚያየው ባለቤቱ ነውና ቀድሞ መናገር ያለበትም ባለቤቱ ነው።

ጠዋት ጉረኖውን ስትከፍቱ መንጋውን አንድ በአንድ እዩ። መኖ የጠላች፣ ሰውነቷ የሚያተኩስ፣ ዐይኗና አፍንጫዋ ውሃ የሚያወርድ ፍየል ካለች አትለፏት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያ ቀጭን ፈሳሽ ይወፍርና አፍንጫዋን ይደፍነዋል። ዐይኗ በዓይናር ይጣበቃል፤ ድዷና ምላሷ ይቆስላል፤ አፏ ይሸታል፤ ሳልና ተቅማጥ ይከተላል። ያረገዙትም ይጨነግፋሉ። «ብርድ መትቷት ነው» ብላችሁ ስትጠብቁ እሷ በትንፋሿና በፈሳሿ አጠገቧ ያሉትን ትበክላለች። በሽታው ለመንጋው አዲስ ከሆነ አብዛኛውን ሊጨርሰው ይችላል።

ከሁሉ የከፋው «ሳትሞትብኝ ልሽጣት» የሚለው ሐሳብ ነው። ችግሩ ይገባናል። ፍየል ለብዙ ቤት የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ፣ የቸገረ ቀን ጥሪት ናት። ይሁንና ያቺ አንዲት ፍየል ገበያ ከዋለች፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ገዢ በሽታውን ወደየመንደሩ ይዞት ይገባል። ለአንድ ፍየል ዋጋ ሲባል የስንት ጎረቤት ጉረኖ ይዘጋ?

ከዚህ በፊት መሰሉን በሽታ አሸንፈን እናውቃለን። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የከብት ደስታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደፈጀ ይገመታል፤ ገበሬው በሬ አጥቶ አገሩ «ክፉ ቀን» ለተባለው ረሃብ ተዳረገ። በሽታው ከመቶ ዓመት በኋላም አልለቀቀንም ነበር። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ግን፣ በአፋር ከማኅበረሰቡ ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው ባለሙያ ሊደርስ ባልቻለበት ቦታ ሁሉ ከብቱን ከተቡ። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም.፣ ዓለምም በ2003 ዓ.ም. ከከብት ደስታ ነጻ መሆናቸው ታወጀ።

አሁን ተራው የበግና የፍየሉ በሽታ ነው። ዓለም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ሊያጠፋው ቀጠሮ ይዟል። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ አንድ ጊዜ የተከተበች ፍየል ቢያንስ ለሦስት ዓመት ትጠበቃለች። ቫይረሱም ከእንስሳው አካል ውጭ ብዙ አይቆይም። ብንዘገይ ግን ጉዳቱ ከቤት እንስሳትም ያልፋል። በሞንጎሊያ ይኸው በሽታ ከ2016 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ሳይጋ የተባለውን የዱር እንስሳ በሺዎች ገድሏል። የሰሜን ተራሮቹ ዋልያም የፍየል ዘመድ ነው።

እንግዲህ ሁሉም የድርሻውን ያንሳ!

አርቢዎች፣ የታመመችውን ለይታችሁ እሰሩ። አዲስ የገዛችሁትን ሦስት ሳምንት ሳታቆዩ ከመንጋው አትቀላቅሉ። አንድ ግጦሽና አንድ ውሃ የምትጋሩ ጎረቤቶች የታመመ ሲኖር ተነጋገሩ፤ አትደባበቁ።

ነጋዴዎች፣ ንፍጥ የሚያዝረከርክ እንስሳ በርካሽ ተገኘ ብላችሁ አትጫኑ። የእናንተ መኪና በሽታውን ከወረዳ ወረዳ የሚያሻግረው በአንድ ቀን ነው።

ባለሙያዎችና ኃላፊዎች፣ ስትጠሩ ድረሱ። ናሙና ከወሰዳችሁ ውጤቱን ለባለቤቱ ንገሩት። በሽታ አለብኝ ብሎ የመጣን ገበሬ አመስግኑት እንጂ አታስፈራሩት፤ ተናግሮ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ዛሬውኑ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስልክ ያዙ፤ ምልክቱን ባያችሁበት ሰዓት ደውሉ!