ቮልሷ ሞተር ስትቀይር ቤተሰቡ ምን ይጠንቀቅ?

በዚህ ሳምንት የምመልሰው ጥያቄ ከአንዲት አያት የመጣ ነው። ልጃቸው አንድ የድሮ ቮልስ ገዝቶ ግቢያቸው ውስጥ አቁሟል። የ16 ዓመቱ የልጅ ልጃቸውም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዩኒፎርሙን ሳይለውጥ ከአባቱ ጋር ሥራው ላይ ይጠመዳል። አሁን ባለ 1200 ሲሲውን ሞተር አውርደው ባለ 1600 ሊገጥሙላት ነው። «ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄም ከመኪናዋ አትወርድም። ልከልክላቸው ወይስ ዝም ልበል?» ይላሉ።

እኔ ብሆን አልከለክልም። ጎረምሳ ስልኩን አስቀምጦ ከአባቱ ጋር ቡሎን ሲፈታ የሚውልበት ቤት ብዙ አይደለም። ዝም ማለቱን ግን አልደግፈውም። ሞተር የሚገጥም ሰው ሐሳቡ ሁሉ ሞተሩ ላይ ነው። ስለ ሳንባ፣ ስለ ሕፃን እጅና አፍ የሚያስብ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ እርስዎም ለዚህ ይበቃሉ።

በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ቮልስን ያውቃታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘውም በአራት ቡሎን ነው። 1600ውም የዚያው ቤተሰብ ስለሆነ ብዙ ሳያስቸግር ይገጥማል። ሰው ቤቱ ውስጥ ለመሥራት የሚደፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍላጎታቸውም ይገባኛል። የ1200ው ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ያችኑ ጉልበት እንኳ ሙሉ በሙሉ አያገኛትም። 1600ው 50 የፈረስ ጉልበት አለው። በግማሽ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ፍሬኑ፣ ሽቦውና የነዳጅ ጎማው ግን አሮጌ እንደሆኑ ናቸው።

ጭሱ

ከሰል የሚጨስበት ቤት ዘግተው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ከመኪና ማርሚታ የሚወጣውም እሱው ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን የሚይዘው ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ጥንካሬ ነው። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ከአዋቂ ቀድመው ይጎዳሉ።

ስለዚህ ሞተሩ ዝናብም ቢሆን በተዘጋ ቤት ወይም በመኝታ ቤት መስኮት ሥር አይነሣ፤ መኪናዋ ወደ ሜዳ ተገፍታ ትውጣ። ካርቡራተሩም ለከተማችን ከፍታ እንዲስተካከል ይንገሯቸው። ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ለስሱ አየር የሚበዛ ነዳጅ ስለሚሰጥ መርዘኛው ጋዝ ይጨምራል። ሌላም አለ፤ ቮልስ ተሳፋሪዋን የምታሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀውን አየር ወደ ውስጥ በመላክ ነው። መጋጠሚያው በደንብ ካልተዘጋ ወይም ቧንቧው ዝጎ ከተበሳ ሙቀቱን ተከትሎ ጭሱም ይገባል። ከጉዞ በኋላ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ካዞረው ጉንፋን ነው ብለው አይለፉት። ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጥተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

ቤንዚኑ

በድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ውሃ መስሏቸው የጠጡ ሕፃናት ሲመጡ አይቻለሁ። እናቶቹን «በምን ተቀምጦ ነበር?» ስላቸው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «በሃይላንድ» ነበር። ግቢዎ ውስጥ ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ እንዳይቀመጥ፣ አንድ ቀን እንኳ፣ አይፍቀዱ። በተዘጋ ጀሪካን፣ ከእሳትና ከምድጃ ርቆ፣ ተቆልፎበት ይቀመጥ። በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ ነዳጅ መቅዳትም ይቅር፤ ቤንዚን በጣም ስስ ስለሆነ ትን ብሎ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ክፉኛ ያቃጥላል። የዋጠ ሰው ቢኖር ወተት አጠጥተው ወይም ጣት ከተው ለማስታወክ አይሞክሩ። ሲያስመልሰው ሳንባ ውስጥ የመግባቱ አደጋ ይጨምራል። በቤንዚን የራሰ ልብሱን አውልቀው፣ ገላውን አጥበው፣ ዕቃውን ይዘው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይሂዱ።

የቮልስ ነዳጅ መያዣ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ሞተሩ ጋ ያለው የነዳጅ ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ቤንዚን በጋለ ብረት ላይ ያንጠባጥባል። ብዙ ቮልሶች የተቃጠሉት በዚህ ነው። አዲስ ሞተር ሲገባ ጎማውም በሙሉ አዲስ ይሁን፣ ማጥበቂያውም ይጥበቅ፤ የዱቄት እሳት ማጥፊያም አጠገባቸው ይኑር። ባትሪዋን ደግሞ የሚያገኙት ከኋላ መቀመጫው ሥር ነው። የመቀመጫው የሽቦ ሞላ በሰው ክብደት ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ ብልጭታ ይነሣና መቀመጫው ይያያዛል። እዚያ ከመቀመጥዎ በፊት «የባትሪው ክዳን አለ?» ብለው ይጠይቁ።

ክሪኩና ፍሬኑ

ሞተሩ የሚወርደው በሥር ነው፤ መኪናዋ ከኋላ ከፍ ትላለች። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይደረግ፤ የፊት ጎማዎቹም በድንጋይ ይታገዱ። ብሎኬት መደገፊያ አይሆንም፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። ትንሿ ልጅ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ትሁን።

በቀድሞዎቹ ቮልሶች ላይ የፍሬን ዘይቱ መሥመር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ቢያፈስ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ስለዚህ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የፍሬን ሸራው፣ ቱቦዎቹና ዘይቱ ይታደሱ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው በአፍም ሆነ በአየር አይነፋ። ሳንባ ውስጥ የሚቀር አቧራ ነውና በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይጣል።

የመጀመሪያው ጉዞ

ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁ ሲሰማ ቤተሰቡ ሁሉ መሳፈር ያምረዋል። እኛ በልጅነታችን ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ባለችው የዕቃ ቦታ ተጠቅጥቀን ስለሄድን የልጅ ልጆቻችንም እዚያ ቢቀመጡ ደስ ይለናል። በመጀመሪያው ቀን ግን ሕፃንም አዛውንትም አይሳፈር። ፍሬኑ በቅድሚያ ግቢ ውስጥ፣ በቀስታ፣ ደጋግሞ ይሞከር። ከዚያ እሑድ ማለዳ፣ ጭር ባለና በተስተካከለ መንገድ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው አባት ይንዳ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፤ ምንም ያህል ቢለፋባት መሪ አይያዝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቆመው ሥሯን ይዩ፦ ዘይት ያንጠባጥባል? ቤንዚን ይሸታል? የጎማ ቡሎኖቹስ ላልተዋል? ቁልቁለቱ ለሌላ ሳምንት ይቆይ። ልጆቹ ኋላ ላይ ሲሳፈሩም ቀበቶ ተገጥሞላቸው መቀመጫ ላይ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሊብሬው ይታይ። በላዩ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ተጽፏል፤ ሞተር ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። የሞተሩን የግዢ ሰነድ ይዘው ለውጡን በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ፤ ለመድን ድርጅታቸውም ያሳውቁ። የሦስተኛ ወገን መድን በሌላት መኪና ግን ለሙከራም ቢሆን ከበር አይውጡ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።