ስለ መለኪያ ቤት

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ የሚጓዝ ሰው፣ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን በቀኙ አልፎ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውንና አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካን ሕዝብ መከራና ተስፋ በ150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስተዋት የሣሉበትን የአፍሪካ አዳራሽ ያያል፤ ከዚያም ካዛንቺስን በቀኝ ትቶ፣ የታላቁን ቤተ መንግሥት ቅጥር ተከትሎ ሲወጣ፣ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ከጀመረበት ከአራት ኪሎ ይደርሳል። በታችኛው ስፍራ የአህጉሩ ሹማምንትና ሊቃውንት ስለ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይመክራሉ፤ በላይኛው ስፍራ የኬሚስትሪ የዶክትሬት ተማሪ ጋዋኑን ለብሶ፣ በብልቃጥ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀለሙን እስኪለውጥ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለቱ ስፍራዎች በእግር ከአንድ ሰዓት በታች የሚያስኬዱ ሲሆኑ፣ ከምክሩ ወደ ሥራው የሚያደርሰው መንገድ ግን ገና አልተጠረገም፤ ይህም የሆነው፣ እንደሚመስለኝ፣ ገንዘብ በማነሱ ብቻ ሳይሆን፣ ሊቀድም የሚገባው ወደ ኋላ፣ ሊከተል የሚገባውም ወደ ፊት በመደረጉ ነው።

ይህ ተማሪ የሚደክምበት ሙያ ሲንተቲክ ኬሚስትሪ ይባላል፤ በተፈጥሮ ያልነበረውን፣ ቢኖርም በቀላሉ የማይገኘውን ንጥረ ነገር፣ ከታወቁት አዋሕዶ የመሥራት ጥበብ ነው። የሚሠራው ነገር ቅንጣቱ በናኖሜትር የሚለካ ሲሆን ደግሞ ጥበቡ እጅግ ይረቅቃል፤ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነውና፣ የአንዲት ጠጉር ውፍረት እንኳ ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። ግዙፉ ነገር ወደዚህ የረቂቅነት ደረጃ ሲወርድ ባሕርዩን ይለውጣል። ቢጫው ወርቅ በውኃ ውስጥ በረቂቅ ቅንጣት ሲበተን ደማቅ ቀይ እንደሚሆን እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 መርምሮ ጽፏል፤ ሩሲያዊው አሌክሲ ኤኪሞቭም የመስተዋት ቀለም በውስጡ ባሉት የመዳብ ክሎራይድ ቅንጣቶች መጠን እንደሚለዋወጥ ስለ ደረሰበት፣ ከሉዊስ ብሩስና ከሙንጂ ባዌንዲ ጋር እ.ኤ.አ. የ2023ን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የሀገራችን ጸሐፍትም ከዚህ ረቂቅ ዓለም ጋር ሳያውቁት ኖረዋል፤ በብራና ላይ የሚጽፉበት ጥቁር ቀለም ዋና አካሉ ጥላሸት ነበረና፣ የጥላሸትም ቅንጣት በናኖሜትር የሚለካ ነውና። ይህን የማነሣው አባቶቻችን ዘመናዊውን ሳይንስ ቀድመው ደርሰውበት ነበር ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ኩራት ለሥራ አይጠቅምም። መሥራትና መለካት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማሳየት ነው እንጂ። ቀለም በጥባጩ ጥላሸቱን ከሌሎች ቅመማት ጋር አዋሕዶ፣ ለወራት አቆይቶ፣ ዘመናትን የሚሻገር ቀለም ያወጣ ነበር፤ ቅንጣቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ስለ ምንስ በብራናው ላይ ጸንቶ እንደሚኖር ግን የሚጠይቀው አልነበረም። የዛሬው የዶክትሬት ተማሪ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ሠራሁ ማለቱ አይበቃውም፣ የሠራው ነገር በእርግጥ እርሱ ያለው ነገር መሆኑን በመሣሪያ ማስረዳት ይገባዋል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህን ሥርዓት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ድጓን ከየትኛውም መምህር እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው፣ ሊቅነቱ በሁሉ ዘንድ እንዲታመንለት ሲሻ፣ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ በቤተልሔም ያስመሰከረም በሄደበት ሁሉ ይከበራል፣ ወንበር ዘርግቶም ያስተምራል። ለኬሚስቶቻችን ያጣንላቸው ይህን የመሰለ ማስመስከሪያ ነው።

ሞለኪዩሉ እንዴት እንደ ተያያዘ የሚያሳየው ኤን.ኤም.አር.፣ ክሪስታሉ እንዴት እንደ ተደረደረ የሚገልጠው የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ፣ ረቂቁን ቅንጣት ለዓይን የሚያቀርበው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሀገራችን ፈጽሞ የሉም አይባልም፤ ነገር ግን ጥቂቶች ናቸው፣ ከጥቂቶቹም አንዱ በተበላሸ ጊዜ መለዋወጫውና ጠጋኙ ከባሕር ማዶ እስኪመጡ ድረስ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ተማሪው የሠራውን ናሙና በትንሽ ጠርሙስ አሽጎ፣ ወደ ውጭ ሀገር ለሚሄድ ወዳጅ አደራ ሰጥቶ፣ መልሱን ሲጠባበቅ ወራት ያልፋሉ። ጉዳቱም የጊዜ ብቻ አይደለም። የናኖ ቅንጣት ሲቆይ እርስ በርሱ እየተጣበቀ መጠኑን የሚለውጥ ነገር ስለ ሆነ፣ በሩቅ ሀገር የሚለካው በአራት ኪሎ የተሠራው መሆኑ ያጠራጥራል፤ ተማሪውም አሠራሩን ዛሬ ለክቶ ነገ ማረም ሲገባው፣ ስሕተቱን የሚያውቀው መንገዱን ከረሳው በኋላ ይሆናል።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ የእንዶድ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች፣ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን ተብሎ ተጠራ፤ የሞለኪዩሉ ምሥጢር የተፈታው ግን በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ጥናቶቹ በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ሥርዓት አልተሠሩም በሚል ምክንያት ሳይቀበላቸው ብዙ ዘመን አለፈ። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ማለትም ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ ነው። ዕፁ የእኛ፣ ዓይኑ የእኛ፣ ትጋቱም የእኛ ሲሆን፣ የጎደለን የሚታመን መለኪያ ነበር።

ከዚህ ጋር የፕሮፌሰር ሶሲና ኃይሌን ሕይወት ማሰብ ይገባል። እርሳቸው የግዕዝ ብራናዎችን በመመርመር ዓለም ያወቃቸው የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በአብዮቱ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደው፣ አሜሪካ ውስጥ የቁስ ሳይንስ ሊቅ ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ከጠጣር አሲድ የተሠራ አዲስ ዐይነት ፊውል ሴል ለዓለም አቀረቡ። አእምሮ ከየትም ሊበቅል እንደሚችል፣ ፍሬ የሚያፈራው ግን መሣሪያ ባለበት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳርን፣ ጅማንና ሐረማያን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተከትለዋል፤ መንግሥትም የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁሞ ናኖቴክኖሎጂን ከሥራው ክፍሎች አንዱ አድርጎታል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መሣሪያ መግዛት የነገሩ ጅማሬ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። የኤን.ኤም.አር. ማግኔት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ዘወትር ተነክሮ መኖር አለበት፤ ሂሊየሙ በየጊዜው ካልተጨመረለት ማግኔቱ ኃይሉን ያጣል፤ ሂሊየሙም የሚመጣው ከውጭ ነው። እንግዲህ መሣሪያውን በሪባን መርቆ ለሂሊየሙ በጀት የማይዝ ሹም፣ የገዛው መሣሪያ ሳይሆን የመሣሪያ ሬሳ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን እያንዳንዳቸው ግማሽ መሣሪያ ከሚይዙ፣ ሁሉም በአንድነት የሚገለገሉበት አንድ ሙሉ የመለኪያ ቤት ይቋቋም፤ ከጎንደርም ከአርባ ምንጭም የመጣ ተማሪ በተራው፣ በታወቀ ዋጋ፣ ያለ ማንም አማላጅ ይለካበት። መሣሪያውን የሚጠብቀው ቴክኒሻን እንደ ተራ አገልጋይ መታየቱ ቀርቶ፣ በማዕርግም በደመወዝም ከሚያገለግለው ዶክተር ብዙ የማይርቅ ይሁን፤ ዶክተሩ ቢሄድ ሌላ ዶክተር ይተካል፣ የመሣሪያውን ጠባይ በዓመታት የተማረ እጅ ቢሄድ ግን መሣሪያው ራሱ ይዘጋልና። ለሂሊየም፣ ለመለዋወጫና ለንጹሕ ኬሚካል የሚውለው የውጭ ምንዛሪም በየዓመቱ አስቀድሞ ይለይ፤ ዕቃውም በጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ከሚያረጅ፣ ለሕክምና መድኃኒት እንደሚደረገው ፈጥኖ ይለፍ።

ሕዝቡ ንጹሕ ውኃ ሳይጠግብ ስለ ናኖሜትር መጨነቅ ቅንጦት አይደለምን የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን ከራሱ ከውኃው ውስጥ ይገኛል። በስምጥ ሸለቆ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ከጉድጓድ የሚጠጡት ውኃ፣ የፍሎራይዱ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በብዙ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ጥርሳቸው ይበልዛል፣ ሲበረታም አጥንታቸው ይጎብጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከስፔናዊቷ ኬሚስት ከኢዛቤል ዲያዝ ጋር ሆነው፣ በሀገራችን ምድር የሚገኘውን ዚዮላይት የተባለ ማዕድን፣ በናኖ መጠን በሚያድግ ሃይድሮክሲአፓታይት ሸፍነው፣ ፍሎራይድን ከውኃ ለይቶ የሚያስቀር ነገር ሠርተዋል። ሃይድሮክሲአፓታይት የአጥንትና የጥርስ ዋና ማዕድን ዘመድ ነውና፣ ፍሎራይዱ አጥንትን የሚያጠቃበት ያው ጠባዩ በማጣሪያው ላይ መያዣው ሆነ። እንዲህ ያለው ማጣሪያ ከብልቃጥ ወጥቶ ወደ መንደር ይደርስ ዘንድ፣ የመቶኛው ቋት እንደ መጀመሪያው መሆኑን በየጊዜው መለካት የግድ ነው። ንጹሕ ውኃና ናኖሜትር እንግዲህ ተቀናቃኞች አይደሉም።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ይልቁንም በካዛንቺስ፣ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ሰፊ መንገድና አዲስ ሕንፃ እየተተካ ነው። ከአፍሪካ አዳራሽና ከአራት ኪሎ መካከል በሚገኘው በዚህ መሬት ላይ፣ ከሆቴሉና ከሱቁ ጎን የመለኪያ ቤቱም ቦታ ቢሰጠው፣ መካሪውና ሠራተኛው በአንድ መንገድ ይገናኙ ነበር። መሐንዲሶች የመኪናውና የባቡሩ ንዝረት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑን ያውከዋል ቢሉ፣ ጸጥ ወዳለ ስፍራ ይሂድ፤ ሙግቴ ስለ ቦታው ሳይሆን ስለ ቅደም ተከተሉ ነውና። ትምህርት ሚኒስቴር ከእንግዲህ አዲስ የኬሚስትሪ የዶክትሬት ትምህርት ልክፈት የሚል ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ፣ ስንት መምህር አለህ ከማለቱ አስቀድሞ፣ ተማሪህ የሠራውን የሚለካው የት ነው፣ የሚለካበትንስ መሣሪያ የሚጠግነው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ፤ ለሁለቱም ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የሌለው ዩኒቨርሲቲ፣ መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ፈቃድ አይሰጠው።