ከሆድ ቀዶ ሕክምና የተመለሰች እህትም እንደ አራስ ትያዝ



አንዲት እህት ኢስታንቡል ደርሳ ተመለሰች እንበል። ቤተሰቧ የሚያውቀው ለሱቋ ዕቃ ልታመጣ መሄዷን ነው። እርሷ ግን ከተደጋጋሚ ወሊድ በኋላ የላላውን ሆዷን በቀዶ ሕክምና አሳጥባ፣ ገና ሳምንት ሳይሞላት፣ ሁለት ሻንጣ እየጎተተች ቦሌ ትደርሳለች። ቤት ስትገባ ትንሹ ልጇ ሮጦ መጥቶ «እቀፊኝ» ብሎ እጁን ይዘረጋል። ብታቅፈው ስፌቷ ይጎዳል፤ እምቢ ብትለው ምክንያቷን ለቤተሰቡ ምን ብላ ትንገር?

ይህ ቀዶ ሕክምና ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ለዓሊሞች እንተወው፤ ለጤና ችግር ሲሆንና ለውበት ብቻ ሲሆን መልሱ ሊለያይ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከተደረገ በኋላ ግን ሰውነታችን አማና ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ብዙውን ጊዜ ከቁስሉ ይልቅ የሚያሰጋው መደበቁ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ከእምብርት በታች ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ቀዶ ትርፍ ቆዳና ስብ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም የተራራቁትን የሆድ ጡንቻዎች በስፌት ያቀራርባል። እንዲህ ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምናም ሆነ ረጅም በረራ እያንዳንዱ ለደም መርጋት ያጋልጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ ስጋቱ ይጨምራል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከዚህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን መጠበቅ እንደሚገባ ይመክራል። ስለዚህ የመመለሻ ቲኬቱ ቀኑ የሚቀየር ይሁን፤ ሐኪሙም ቁስሉን አይቶ ሳይፈቅድ ጉዞ አይጀመር።

ከኢስታንቡል አዲስ አበባ አምስት ሰዓት ያህል ይበረራል። ተጓዧ መተላለፊያው ዳር ያለ መቀመጫና የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት አስቀድማ ትጠይቅ። ሰፋ ያለ ልብስ ትልበስ፤ ውኃ ቶሎ ቶሎ ትጠጣ፤ በየሰዓቱ ተነሥታ ጥቂት ትራመድ፤ ተቀምጣም ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅስ። ሐኪም ካዘዘላት የእግር መጭመቂያ ካልሲውን ወይም ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መርፌ አትተው። የወንበሩን ቀበቶ ከሆዷ ዝቅ አድርጋ ዳሌዋ ላይ ትሰር፤ ከሥሩ ለስላሳ ፎጣ ብታደርግ ይመቻታል። የሕክምና ማስረጃዋና መድኃኒቷ በእጅ ቦርሳዋ ይሁኑ። ሻንጣውን ግን ሌላ ሰው ይያዝ።

አራስ የመንከባከብ ባህላችን የሚያስመሰግን ነው። አራስ ዕቃ አታነሣም፤ ገንፎውና አጥሚቱ ይቀርብላታል፤ አርባ ቀኗን ታርፋለች። ይህችም እህት የሚያስፈልጋት ከዚያ የራቀ አይደለም፤ ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሣት የለባትም። ልጁን ሌላ ሰው አንሥቶ አጠገቧ ያስቀምጥላት። ስትተኛ ጀርባዋ በትራስ ከፍ፣ ጉልበቷ እጥፍ ይበል። ስትነሣ በጎኗ ዞራ በእጇ ተደግፋ ትነሣ። መሬት ላይ ከተዘረጋ ፍራሽ ይልቅ አልጋ ይሻላታል። ሐኪም ያዘዘላትን ጠበቅ ያለ የሆድ መደገፊያ በታዘዘው ጊዜ ልክ ትልበስ። ሩኩዕና ሱጁድ ከከበዳት ዲናችን ገር ነው፤ ተቀምጣ በምልክት መስገድ ትችላለች።

ምግቧን በተመለከተ፣ ቁስል እንዲጠግን ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ዓሣና ዶሮ ይጠቅማሉ። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፤ ማማጥ ደግሞ ስፌቱን ያስጨንቃል። ስለዚህ ጎመን፣ ፍራፍሬ፣ የጤፍ እንጀራና በቂ ውኃ አይጓደሉ። ሲጋራና ሺሻ የደም ዝውውርን ስለሚያውኩ ቁስል እንዳይድን ያደርጋሉ። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ከመውሰዷ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከመጣ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ትኩሳት፣ መግል፣ የቁስሉ ጠርዝ መጥቆር ወይም የሆድ ድንገተኛ እብጠት ሲታይም እንደዚሁ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ምስጢሩ ሕይወት የሚያስከፍለው። ትንፋሿ አጥሮ የገባች እህት «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብላ ቀዶ ሕክምናውን ብትደብቅ፣ ሐኪሙ ወደ ሳንባዋ የሄደ የረጋ ደም መኖሩን ቶሎ ላይጠረጥር ይችላል።

ገመናን መሸፈን መልካም ነው። ነገር ግን ከጎረቤት መሰወርና ከባል፣ ከእናት ወይም ከእህት መሰወር አንድ አይደሉም። አንድ እንኳ የሚታመን ሰው እውነቱን ይወቅ፤ ቦሌ ይቀበላት፤ ሻንጣዋን ያንሣ። እኛም ቤተሰቦች የነገረችንን እህት በሐሜት አንቅጣት። ዛሬ ብናሳፍራት ነገ ሌላዋ ሕመሟን ትደብቀናለች፤ ጥፋቱም የጋራችን ይሆናል።

አላህ ለሕመምተኞቻችን ሁሉ ሺፋውን ይላክ። አሚን!