መጽሐፍ ወይስ የመጽሐፍ ፎቶ?

እዚህ ጉራጌ፣ ቡኢ ከተማ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ወጣት ሁሉ ቲክቶክ እያየ አይደለም። ከቴሌግራም ያወረደውን ልቦለድ የሚያነብም አለ። ይህን እንደ ጥፋት የሚቆጥሩ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ፤ በዚህ አልስማማም። አዲስ የወጣ መጽሐፍ ለመያዝ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ዘመድ ለሚጠብቅ ሰው፣ የሚቀርበው ቤተ መጻሕፍት ኪሱ ውስጥ ያለው ነው።

እኔ የምከሰው ፋይሉን ነው። የሚዘዋወረው የአማርኛ ፒዲኤፍ ብዙውን ጊዜ ገጽ በገጽ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ የተነሣ ፎቶ ነው። ፊደሉ እንዲታይዎ በሁለት ጣት ይለጥጡታል፤ መስመሩን ለመጨረስ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ለመጀመር እንደገና ወደ ግራ ይጎትቱታል። አዶቤ ፒዲኤፍን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ ሐሳቡ ገጹ በየትኛውም ኮምፒውተርና ማተሚያ ሳይዛነፍ እንዲወጣ ነበር። ኢፐብ የተባለው የዲጂታል መጽሐፍ ፋይል ግን ለአንባቢው ስክሪን የተሠራ ነው፤ ፊደሉን ቢያሳድጉት መስመሩ ራሱ ታጥፎ ይወርዳል።

«ታዲያ ኮንቨርት አድርገው» ይሉኛል ስልክ ጠጋኞቹ። ካሊበር የተባለው ነጻ ፕሮግራም በእርግጥ ፒዲኤፍን ወደ ኢፐብ ይቀይራል፤ ፎቶ ከሰጡት ግን የሚመልስልዎ ያንኑ ፎቶ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ላይ ጣትዎን ጫን አድርገው ይያዙ። ቃሉ ካልተመረጠ ውስጡ ጽሑፍ የለም። ያኔ እንደ ቴሰራክት ያለ ከምስል ላይ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል። አማርኛ ያውቃል፤ ሕትመቱ በደበዘዘበት ግን ይስታል፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያርመው ግድ ነው።

ጽሑፍ ያለው ፋይልም ቢሆን ጣጣ አያጣውም። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደላትን በጋራ በሚለዩበት ሥርዓት፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በቀድሞዎቹ ፎንቶች፣ ለምሳሌ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ፣ የተተየበ መጽሐፍ ስክሪን ላይ ጥሩ አማርኛ ይመስላል፤ ሲቀየር ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። ጉራጊኛ ደግሞ ከዚህም ዘግይቷል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጉራጊኛ የጻፈው ልቦለድ በእንግሊዝኛ ትርጉም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተጨመሩት 28 ፊደላት ግን ዩኒኮድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በእነሱ የተጻፈ ጽሑፍ አሮጌ ስልክ ላይ ሲከፈት ባዶ ሳጥን ነው የሚታየው።

ይህ ሁሉ ልፋት ደግሞ በአብዛኛው የሚቀር ነበር። ዛሬ የሚታተም መጽሐፍ ሁሉ ተተይቦ ነው ማተሚያ ቤት የሚገባው፤ ንጹሑ ፋይል ደራሲው ወይም አሳታሚው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። እነሱ ኢፐብ ስላልሸጡ ሌላው ፎቶ አንሥቶ በነጻ ይበትነዋል። ቅጂ መበተኑን አልደግፍም፤ የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ደራሲውም ቤተሰብ አለው። ነገር ግን «ገዢ የለም» የሚለውን የአሳታሚዎች ሰበብ አልቀበልም። አንባቢው በቴሌብር ከፍሎ ወዲያው የሚያወርደው ንጹሕ ፋይል ቢቀርብ፣ ዋጋውም የወረቀትና የትራንስፖርት ወጪ ተቀንሶለት ቢመጣ፣ ቡኢ ላይ የሚገዛ አለ። አንዱ እኔ ነኝ።