የመውጫ ፈተናው ላብ ዓመቱን ሙሉ ይከፈትልን

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ክቡራን ሆይ፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ጉዳዩ ከአንድ ግቢ ስለሚሰፋ፣ ተማሪዎቼና የሥራ ባልደረቦቼም እንዲያነቡት ስለፈለግሁ ደብዳቤውን በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር በየዩኒቨርሲቲው ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። የተበላሹ ማሽኖች ተጠገኑ፣ ኔትወርክ ተፈተሸ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር እንዲነሣ ተዘጋጀ፣ ቴክኒሺያኖች ኮምፒውተር ላብ ውስጥ አደሩ። ያን ሰሞን በጀት የለም የሚል ሰው አልነበረም፤ የግድ ስለሆነ ተቻለ። ፈተናው ሲያልቅ ግን እኔ በማውቃቸው ግቢዎች አብዛኞቹ ላቦች መልሰው ተቆለፉ። ብዙ ተማሪ ኮምፒውተር ፊት ተረጋግቶ የሚቀመጠው ዲግሪ ማግኘት አለማግኘቱ በሚወሰንበት ቀን ነው። ለፈተናው ሳምንት የተቻለው ዝግጅት ለመማሪያውም እንዲውል እለምናችኋለሁ።

ተማሪን ማዕከል ያደረገ ትምህርት ለእኛ አዲስ አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሲነገረን ኖሯል፤ ብዙዎቻችንም በመምህራን የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር (ኤች ዲ ፒ) ዓመት ሙሉ ሠልጥነንበታል። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግሩፕ አሳይመንት ሆኖ ይቀራል። ሽፋኑ ላይ አምስት ስም ከነመታወቂያ ቁጥሩ ይደረደራል፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያስጠርዛል፣ የቀሩት “ስሜን አስገባልኝ” ብለው ቴሌግራም ላይ ይጽፋሉ። ተማሪዎቹን ሰነፍ ብሎ መፍረድ ይቀላል። ነገር ግን ከየሴክሽኑ የተከመረለትን ወረቀት የያዘ መምህር ማን የቱን እንደሠራ የሚያይበት መንገድ የለውም፤ ተማሪውም ይህን ያውቃል።

ኮምፒውተር እዚህ ላይ ይረዳል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያውቁት ሙድል የተባለው የኮምፒውተር መማሪያ ሥርዓት ነጻ ነው። አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሕዝብ ሲያወጣው ሰው ከሌሎች ጋር አንድ ነገር እየሠራ ሲማር ይበልጥ ይገባዋል የሚል እምነት ይዞ ነው። ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ በጋራ ሲያዘጋጁበት ማን የትኛውን አንቀጽ መቼ እንደጻፈ ይመዘግባል። አንዱ የሌላውን ሥራ በተሰጠው መስፈርት እንዲያርም ያደርጋል። ኩዊዝ ላይ የተሳሳተ ተማሪም ለምን እንደተሳሳተ እዚያው ይነገረዋል፤ የሚድ ውጤት እስኪለጠፍ ድረስ ከነስህተቱ አይከርምም። እኛ ግን ሙድልን የሀንድአውት ማስቀመጫ አድርገነዋል። ፒዲኤፍ ለመላክ ብቻ ከሆነ ቴሌግራም ይበቃ ነበር።

ላብ በተገኘበት ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ትምህርቱ ስለ ናሙና ነበር። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቀመሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ፈተና ላይ ብትጠየቅ አትሳሳትም። ኤክሴል ከፍታ በዘፈቀደ ናሙና ማውጣት ጀመረች፤ መጀመሪያ 25፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 400። ግራፉ በየጊዜው እየጠበበ ሲሄድ አየች። ትንሽ ቆይታ እጇን አወጣችና “መምህር፣ ናሙናውን አራት እጥፍ ባደርገውም ስህተቱ የቀነሰው በግማሽ ብቻ ነው። ለምንድን ነው?” አለችኝ። ቀመሩ ውስጥ ያለው የካሬ ሥር ምን እንደሚሠራ በዓይኗ አይታ፣ ጥያቄውን ራሷ አምጥታው ነበር። አጠገቧ ያሉት ሁለት ልጆች እኔን ሳይጠብቁ መከራከር ጀመሩ። በሰሌዳና በስላይድ ብቻ ያን ጥያቄ ያቀረበልኝ ተማሪ አላስታውስም። ያስፈለገን ደግሞ በየቢሮው የሚገኘው ኤክሴልና የተከፈተ በር ነው።

ስለ መሣሪያ ግዥ ስታስቡ የፕላዝማ ቴሌቪዥኑን ትምህርት አስታውሱ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ሲተላለፍ ዓላማው መልካም ነበር፤ የገጠሩ ተማሪ የከተማውን ያህል ትምህርት ያግኝ የሚል ነው። ነገር ግን ከቴሌቪዥኑ የሚመጣው ትምህርት ጥያቄ አይሰማም ነበር፤ ለመልመጃ የተሰጠው ጊዜ ሲያልቅ የጨረሰውንም ያልጨረሰውንም ትቶ ይቀጥል ነበር። መምህሩም ላስቁመው ቢል አይችልም ነበር። ዛሬ ሚኒስቴሩ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የጀመረውን የኢ-ለርኒንግ ሥራ እደግፋለሁ። ስጋቴ ከማዕከል ተዘጋጅቶ የሚወርድ ኮርስ ስክሪኑን ለውጦ ያንኑ እንዳይደግም ነው። የየክፍሉ መምህር የሚቀንስበት፣ የሚጨምርበት፣ ተማሪውም የራሱን አካባቢ መረጃ የሚያስገባበት ቦታ ይኑረው።

ኢንተርኔት ደካማ ነው የሚለው መልስ አያስኬደንም። ሙድል ግቢው ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ይጫናል፤ ተማሪው በስልኩ የግቢውን ዋይፋይ ይዞ ከውጭ ምንም መስመር ሳይኖር ይጠቀምበታል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው ፌት የሚባሉት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማሳያዎች አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ዊኪፔዲያን ሳይቀር ኪዊክስ በተባለ ፕሮግራም አውርዶ ላይብረሪ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ግቢዎች ሲዘጉ የቅድመ ምረቃ ተማሪዎቻችን ከትምህርት ተቆራርጠው የከረሙት የመስመር ችግር ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም፤ ቀድሞ የተለማመዱት ነገር አልነበረም።

ስለ ዓይነ ስውራን ተማሪዎቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ኤንቪዲኤ የተባለው የስክሪን አንባቢ በነጻ ይገኛል፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ ራሳቸውን ችለው እንዲያጠኑ ያደርጋል። ብዙው ሀንድአውታችን ግን ፎቶ ተነሥቶ ወይም ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ የተባለ ነው፤ አንባቢው ባዶ ገጽ ያደርገዋል። ስለዚህ ተማሪው ዛሬም ጓደኛው ጊዜ አግኝቶ እስኪያነብለት ይጠብቃል። የሚያስፈልገው ጽሑፉ በጽሑፍነቱ እንዲሰጥ የሚያዝ አጭር መመሪያ ነው። ገንዘብ እንኳን አይጠይቅም።

ገንዘብና ድፍረት የሚጠይቀው የመምህሩ ጊዜ ነው። አንድ ኮርስ ተማሪው የሚሠራበት ሆኖ እንዲዘጋጅ መምህሩ ጥያቄዎችን ከነማብራሪያቸው መጻፍ፣ መሞከር፣ ማረም አለበት፤ ሳምንታት ይፈጃል። ይህ ሥራ ዛሬ በእኛ ዘንድ ከማስተማር ጫና አይቆጠርም፤ ለማዕረግ ዕድገትም የሚታየው በአመዛኙ የጥናት ኅትመት ነው። ሥራው የክሬዲት ሰዓት ተመን ይሰጠው፣ በዕድገት መስፈርቱም ይግባ። ከዩኒቨርሲቲዎች ሪፖርት ስትቀበሉም ስንት ኮምፒውተር እንደተገዛ ከሚገልጸው ቁጥር አጠገብ ተማሪዎች በሴሚስተሩ ስንት ሰዓት እንደተቀመጡባቸው ይጻፍ። ይህን ለማስፈጸም የሚያስፈልገው ደብዳቤ ከእናንተ ቢሮ ከመጪው የትምህርት ዘመን ምዝገባ በፊት እንዲወጣልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስታቲስቲክስ መምህር